ፈርፋራን ያወቅሁበት ጎታ

የአማርኛ መምህራችን አንድ ቃል መርጣችሁ ትርጉሙንና አመጣጡን ጻፉ ብለውን፣ ደብረ ታቦር በተከራየሁት ክፍል ተቀምጬ ቃል ሳማርጥ፣ የግድግዳው ምርጊት ተሸርፎ ደብተሬ ላይ ብትን አለ። በጣቴ ጫን ሳደርገው ዱቄት ሆነ። ቃሌ በእግሩ መጣ ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ፤ ፈርፋራ! መዝገበ ቃላት ብገልጥ «ፈረፈረ» ከሚለው ግስ የወጣ፣ ከፍርፋሪና ከፍርፍር ጋር የአንድ ቤት ልጅ ነው፤ በትንሽ ነገር ብን የሚል ማለት ነው። ለእኔ ግን ቃሉ የተወለደው እብናት አጠገብ፣ አክስቴ ጓዳ ውስጥ ነው።

አክስቴ ጥሩዬ፣ የእናቴ ታላቅ፣ ለመንደሩ ሁሉ ጎታ ይሠሩ ነበር። ለማያውቅ፣ ጎታ ማለት ጤፉም ገብሱም የሚከተትበት፣ ከጭቃና ከጭድ የሚሠራ፣ ሰው የሚያህል የእህል ማስቀመጫ ነው። ዙር በዙር ይቆማል፤ አንዱ ሳይደርቅ ሌላው አይጫንም፤ ጭቃውም ከጭዱ ጋር ተረግጦ፣ ሽታው ጎረቤት እስኪያስነጥስ ድረስ፣ ቀናት መቡካት አለበት። ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ አንድ እጃቸውን ስላመማቸው የራሳቸውን ጎታ እያዘዙ በእኔ እጅ ያሠሩ ጀመር፤ ክረምቱ ሳይገባ ሦስት ዙር አቆምን። ለዘጠነኛ ክፍል ወደ ከተማ ልሄድ ግን አንድ ሳምንት ብቻ ቀረኝ፤ ሳልጨርስላቸው መሄድ ሞት መሰለኝ። እናም ለቅሶ በሄዱበት ቀን፣ በዚያው ጠዋት የረገጥኩትን ጭቃ አራተኛ ዙር አድርጌ ለጠፍኩት፤ ቶሎ እንዲደርቅልኝም ፍም የሞላ ምድጃ ጎታው ውስጥ አስቀመጥኩ።

ሲመለሱ በሁለት ጣት ቆነጠሩት። ቀሚሳቸው ላይ ዝርግፍ አለ።

«አንች፣ ይኸ ምንድን ነው?»

«ጎታ ነዋ፣ አክስቴ።»

«ይኸማ ፈርፋራ ነው! አይጥ ብትደገፈው የሚናድ! መቼ ረገጥሽው?»

«ጠዋት።»

«ሊጥ እንኳ ያድራል! አንች ጭቃን በአንድ ጠዋት?»

ከእንግዲህ ጭቃ አያስነኩኝም ብዬ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። እሳቸው ግን ፍርፋሪውን አንድም ሳይቀር በሰፌድ ሰብስበው ጭቃው የሚረገጥበት ጉድጓድ ውስጥ ጨመሩና ውኃ አፈሰሱበት። «ነይ ግቢ፣ ጭቃ ቂም አያውቅም» አሉኝ። ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ በደህናው እጃቸው ትከሻዬን ተደግፈው፣ እስኪመሽ አብረን ረገጥን፤ አንዴ አዳልጧቸው ሁለታችንም ልንወድቅ ስንል የሳቁት ሳቅ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። ጭቃው ሳይቦካ የመሄጃዬ ቀን ደረሰ።

ባለፈው ገና ስሄድ ጎታው በሦስት ዙሩ እንደቆመ ነው። ጤፉ በማዳበሪያ ከረጢት ሆኖ ግድግዳ ተደግፏል፤ ጎታው ውስጥ ዶሮ ታቅፋለች። «እንጨርሰው» አልኳቸው። «ትፈልፍልና» አሉኝ እየሳቁ፤ የታመመው እጃቸው ግን ከነጠላው ሥር አልወጣም። በመንደሩ ከእሳቸው ሌላ ጎታ መሥራት የሚያውቅ የለም። ክረምት እረፍታችን ረጅም ነው፣ ጭቃ ግን አይደርቅም፤ በበጋ ጭቃው ይደርቃል፣ እረፍታችን ግን እስኪቦካ እንኳ አይበቃም።