የአበልጄ መኪና

መኪናዬ ሞተር ሳስነሣ እንደ ውሻ ማላዘን የጀመረችው አበልጄ ጋራዥ ዘይት ካስቀየርኩ በኋላ ነው። ልጄን ክርስትና ያነሣ ሰው እያለ ናይሮቢ ውስጥ ፉንዲ የሚሉት የአገሬው መካኒክ ጋ ይኬዳል እንዴ?

«ባትሪ ነው፣ አበልጄ» አለኝ። ቀየርኩ። «እንግዲያው ቺንጋ ነው» አለ። እሱንም ቀየርኩ። ማላዘኑ ባሰባት።

ቢጨንቀኝ መሃል ከተማ ላለ አንድ ፉንዲ አሳየሁ። «ሞተር የሚያስነሣውን ሞተሪኖ የሆነ ሰው በአሮጌ ለውጦብሃል» አለኝ። መኪናዋን ከአበልጄ ሌላ ሰው ነክቷት ስለማያውቅ «ባለጌ!» ብዬው ወጣሁ።

እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ አበልጄ የራሱን መኪና አስነሣ። ዓይነቷ ከኔዋ ጋር አንድ ነው። ስትነሣ እያላዘነች ምእመኑን ስታስቅ የኖረችው መኪና ጸጥ ብላ ተነሣች።

መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ፈገግ አለልኝ።

«አበልጄ፣ ያንተዋስ ተሻላት?»