የሽሮፕ ጠርሙስ ቤንዚን

ትናንት ከአስር ሰዓት በኋላ አንድ የባጃጅ ሾፌር የሞተሩን አየር ማጣሪያ አውጥቶ የግቢዬ ግንብ ላይ ሲደበድብ ሰማሁት። ግንቤን አፈረሰው ብዬ በቁጣ ወጣሁ። ደጃፉ ላይ ስደርስ ግን አቧራው ፊቴ ላይ መጣ። የቆቦ አቧራ ቤንዚን ሲነካው የተለየ ሽታ አለው፤ እንደ ደረቀ የማሽላ አገዳና እንደ ጋለ ብረት ያለ። ልጁ «ይቅርታ አባባ፣ ታፍና አልሄድ ብላኝ ነው» አለኝ። ቁጣዬ የት እንደገባ አላውቅም። «ምታው፣ ምታው» ብዬ አጠገቡ ቆሜ ማሽተት ጀመርኩ። ያበድኩ መስሎት ይሆናል።

ያቺ ሽታ ለእኔ የስድሳ ስድስቱ ረሃብ ዘመን ናት። ሌላው ሰው ከዚያ ዘመን የሚያስታውሰው ሌላ ነው። እኔ ደግሞ፣ ይገርምሃል፣ በሕይወቴ እጅግ ደስ ያለኝን ሥራ የሠራሁት በዚያ ክፉ ቀን መካከል ነው።

የእናቴ ታናሽ እህት፣ አክስቴ፣ ቆቦ ላይ የእህል ነጋዴ ነበረች። ባሏ ሞቶ አንዲት ያረጀች ፒክአፕ ቀርታላት ነበር፤ እኔም ደሴ ጋራዥ ውስጥ ጥቂት ዓመት ሠርቼ ተመልሼ የዚያች መኪና ሾፌር ሆንኩ። የሰፈሩ ሰው መኪናዋን «ሰካራሟ» ይላታል። ስሙ አልበዛባትም፤ ቤንዚን ትጠጣለች፣ ዳገት ስታይ ትንገዳገዳለች፣ ጥቁር ጭስ ትተፋለች።

አንድ ማለዳ ከዞብል ተራራ ግርጌ፣ እናቴ ካለችበት መንደር፣ አንድ ጎረቤት በእግሩ መጣ። እናቴ እግሯ አብጦ መቆም እንዳቃታት ነገረን። የመንደሩ ግመልና አህያ ከፊሉ አልቆ ከፊሉ ተሸጦ ነበር። አክስቴ ጉድጓድ ውስጥ ያቆየችው ማሽላ አላት፤ የጎደለን ቤንዚን ነው። በዚያ ሰሞን ቤንዚን ከወልድያም ከደሴም ጠፍቶ፣ በእጃችን ያለው ግማሽ ጀሪካን ብቻ ነበር። ሰካራሟ ደግሞ በአመሏ በግማሽ ጀሪካን ደርሳ አትመለስም። እህሉን ብናደርስ እንኳ እናቴን ይዘን አሸዋ ላይ መቅረታችን ነው።

አክስቴ የመኪናዋን ኮፈን አስከፈተችኝና እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ወደ ውስጥ አየች።

«ሰካራም ሰው በዱዓ ይተዋል» አለችኝ። «ይቺ በምንድን ነው የምትተው?»

«እስቲ እንያት፣ እቴቴ።»

«እንያታ! ቆመን ብናለቅስላት አትሄድ።»

በመጀመሪያ ምን ያህል እንደምትጠጣ ማወቅ አለብን አልኳት። ከነዳጅ ቋቱ የሚመጣውን ቱቦ ነቅዬ፣ በአንዲት ባዶ የሽሮፕ ጠርሙስ ቤንዚን ሞልቼ፣ ከኮፈኑ ሥር አንጠልጥዬ ከሞተሩ ጋር አገናኘኋት። ከዚያ በዋጃ መንገድ ነዳን። ጠርሙሷ ስታልቅ ሞተሩ ተንተፋትፎ ጠፋ። አክስቴ ወርዳ መንገዱ ዳር ለምልክት ትንሽ ድንጋይ ከመረች። ዞር ብለን ስናይ የከተማው የመጨረሻ ቤት ደጃፍ ላይ የተቀመጠችው ሴት ፊቷ ሳይቀር ይታየናል።

«ወላሂ በእግሬ ብመጣ ይሻለኝ ነበር» ብላ ሳቀች።

ለመመለሻ ቤንዚን ማባከን የማይታሰብ ነው። ስለዚህ አክስቴ ጅጌ ጠራች። ጅጌ፣ ማለትም ደቦ፣ ለአጨዳና ለአረም ነው፤ ለመኪና ጅጌ የጠራ ሰው ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልሰማሁም። ግን ደንብ ደንብ ነው፣ ጅጌ የወጣ ሰው ይበላል። የሰፈሩ ወንዶች መኪናዋን ገፍተው ግቢ ባስገቡ ቁጥር አክስቴ የማሽላ ንፍሮ ታቀርብላቸው ነበር። በዚያ ዘመን ንፍሮ ቀላል ነገር አይደለም። አንዳንዱ ገፊ መኪናዋ ባትሻሻል ደስ ይለው እንደነበር እጠረጥራለሁ።

የአየር ማጣሪያውን ስከፍት ዙሪያውን በወፍራም የነጠላ ቁራጭ ተጠቅልሎ አገኘሁት። ለካ የአክስቴ ባል ሥራ ነው። አቧራ እንዳይገባባት ብሎ፣ አንድ ሸኽ የመረቁለትን ጨርቅ አጣጥፎ አልብሷታል። ጨርቁ ስንት ዓመት አቧራ ጠጥቶ እንደ ቁርበት ደርቋል፤ መኪናዋ በዚያ ውስጥ ነው ስትተነፍስ የኖረችው። አክስቴ ጨርቁን በጣቷ ዳሰሰችው። የሟች እጅ የነካው፣ ምርቃትም ያለበት ነገር ነውና ይውጣ ለማለት እኔም ከበደኝ። በመጨረሻ ራሷ ፈታችው፣ አራገፈችው፣ ወስዳም የማርሹ ዘንግ ላይ አሰረችው።

«በረካ አፍንጫ አይደፍንም» አለች። «እዚህ ሆኖም ይጠብቀናል።»

ማጣሪያውን ግንብ ላይ እየመታሁ አራገፍኩት። በሚቀጥለው ጠርሙስ የመጀመሪያውን የድንጋይ ክምር አልፈን ሄድን። ሁለታችንም እንደ ሕፃን ጮኽን።

ከዚያ በኋላ አክስቴን ማን ያቁማት! አባቷ ከአፋር ጨው በግመል ያመላልስ ነበርና መኪናዋን የምታያት በግመል ዓይን ነው። «ግመል ስትደክም መጀመሪያ የሚታየው እግሯ ነው» አለችና በክሪክ እያስነሳችኝ ጎማዎቹን አንድ በአንድ በእጇ ታሽከረክር ጀመር። ሌሎቹ ዞሩላት። የኋላው ግራ ግን እምቢ አለ።

«ይቺ እግር ትሄዳለች ወይስ ትጎተታለች?»

እውነቷን ነበር፤ ፍሬኑ እኔ ሳልነካው ይዞ ይቀር ኖሯል። ፈትቼ አጸዳሁት። ጎማዎቹም ልል ነበሩ፤ የቆላ ሙቀት ያፈነዳቸዋል እየተባለ አየር የሚሞላቸው በግማሽ ነው። በእጅ ፓምፕ ክንዳችን እስኪዝል ነፋናቸው። እሳት የሚጭሩትን ካንዴላዎች አውጥቼ ጥላሸታቸውን በሽቦ ብሩሽ ጠረግኩ። አክስቴ አንዷን ወደ ፀሐይ አንስታ እያገላበጠች፣ «አሁን ይቺ ጣት የማታክል ነገር ናት ይሄን ሁሉ ብረት የምታስኬደው?» ስትል ዓይኗ ውስጥ የነበረውን መገረም እስከ ዛሬ አልረሳውም። ከጣሪያው ከባዱን የዕቃ መጫኛ ብረት፣ ፖርቶ መጋላውን፣ አወረድን። የቀኙን ወንበር ነቀልን፤ በእሱ ቦታ ጆንያ ይገባል። ከኋላ ደግሞ ሟቹ መኪናዋ በኮረኮንች እንዳትዘል ብሎ ያስቀመጠው አሮጌ የወፍጮ ድንጋይ ተጋድሟል። «ይሄን ሁሉ ዘመን ድንጋይ ቤንዚን እያጠጣን ኖርን!» ብላ አክስቴ ራሷን ያዘች።

ከእያንዳንዱ ሥራ በኋላ ጠርሙሷን ሞልተን እንወጣለን። ክምሩ ከክምሩ እየራቀ ወደ ዋጃ ገሰገሰ። ዛሬ እዚያ ቦታ ላይ ሱቅ በሱቅ ሆኗል፤ ሳልፍ አሁንም ዓይኔ መንገዱን ዳር ዳሩን ያያል።

በዋናው መንገድ ላይ ያኔ ሁልጊዜ የሚሄድ ሰው ነበር፤ ቤቱን ዘግቶ፣ ልጁን አዝሎ፣ ወደ ደቡብ። አንድ ከሰዓት አክስቴ ድንጋይ ስትከምር አንድ ሽማግሌ መንገደኛ ቆሙና ትንንሾቹን ክምሮች ተራ በተራ አዩ።

«የሕፃናት ነው?» አሉ።

መልስ ሳንሰጣቸው እጃቸውን ዘርግተው ለሙታን ፋቲሃ ቀሩ። አክስቴ ድንጋዩን እንደያዘች «አሚን» አለች። ሌላ ምን ትበል? ሰውየው ሲርቁ ሄዳ ክምሮቹን ሁሉ በተነቻቸው። ከዚያ ወዲያ ምልክታችን እሾህ ላይ የምትታሰር ብጫቂ ጨርቅ ሆነች።

ጎህ ሲቀድ እህሉን ጭነን ወጣን። መኪናዋ ድምጿ ጠርቷል፣ ጭሷ ጠፍቷል። «ግመል አይጣደፍም፣ ግን ይደርሳል» ትለኛለች አክስቴ፣ እግሬን እያየች። የሆርማት ወንዝ ደርቆ አሸዋው በፀሐይ ያብለጨልጫል። አሸዋው እንዳይውጠን ጎማዎቹን አስተንፍሰን ቀስ ብለን ተሻገርን፤ ማዶ ላይ መልሰን ነፋናቸው።

እናቴን ደጃፏ ያለው ግራር ጥላ ሥር ተቀምጣ አገኘናት። የፊቷ አጥንት ወጥቷል፤ ያበጠው እግሯ ብቻ ነው። መኪናዋን ከላይ እስከ ታች አየቻት።

«ልጄ፣ ሽፍታ ገፈፋችሁ እንዴ?»

እንዲያ ሆና እንኳ አሳቀችን። ማሽላው ወርዶ ለመንደሩ ሰው ተከፋፈለ። እንጨት ቋቱ ውስጥ ሰድጄ ቤንዚኑን ለካሁ፤ ከገመትነው በላይ ተርፏል። ደስታዬ ከፊቴ ላይ ታይቷት ነው መሰል፣ እናቴ «ተረፈ?» አለችኝ። አዎ አልኳት። መራመድ ያቃታቸውን ጎረቤቶቿን፣ እናቶችን ከነልጆቻቸው፣ በአገጯ ጠቆመችኝ።

«እንግዲያው እነሱንም ጫን።»

ጫንናቸው። ከእነሱ ጋር ቤንዚኑ ልክ በልክ ሆነ፤ በችኮላ ቤንዚን መስጫውን አጥብቄ ከረገጥኩት ሁላችንም በረሃ ላይ እንቀራለን። አክስቴ ወንበሩ በተነቀለበት ቦታ ባዶ ጆንያ አንጥፋ ተቀመጠች፤ እናቴን አቅፌ ጭኗ ላይ አኖርኩላት።

እናቴ ጠያቂ ሴት ነበረች፤ እኔም ይሄን አመል የወረስኩት ከእሷ ነው። «በምን ዘዴ ነው በዚያች ቤንዚን የደረሳችሁት?» አለችኝ። ደስ ብሎኝ አወራት ጀመር። የማጣሪያውን ጨርቅ ስነግራት የእህቷን ባል እያስታወሰች ፈገግ አለች። ስለ ፍሬኑ ነገርኳት፣ ስለ ካንዴላው ነገርኳት። ሆርማትን ተሻግረን ጎማ ልነፋ ወረድኩ። ከላይ ያሉት ሰዎች ደክመዋልና ብቻዬን ነበር የነፋሁት፤ ጊዜ ወሰደብኝ። ስመለስ አክስቴ የእናቴን ፊት ከአቧራው በነጠላ ሸፍናላታለች።

«ተኝታለች። ቀስ ብለህ ንዳ» አለችኝ። ጥቂት ቆይታ ደግሞ፣ «አውራላት፣ ድምፅህን ትወዳለች» አለች።

ድምፄን ዝቅ አድርጌ ስለ ጎማው ቀጠልኩ። የላላ ጎማ ለምን መኪናን እንደሚያደክም፣ አሸዋ ላይ ግን መላላቱ እንዴት እንደሚጠቅም፣ ቆቦ እስክንገባ አወራሁ። ሰዎቹ ጤና ጣቢያው ደጅ ወረዱ። እናቴንም ላወርዳት ዞሬ ስመጣ አክስቴ እጄን ያዘችኝ። ያኔ ገባኝ።

«ጎማውን ስትነፋ ነው» አለች። «ብነግርህ ትረግጠው ነበር። ከኋላ ሰው አለ።»

መኪናዋ ሥር መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ያን ሁሉ መንገድ ያወራሁት ወሬ ጆሮዬ ላይ ይጮህብኝ ነበር። «ሰምታኛለች?» አልኳት።

አክስቴ ከእናቴ ፀጉር ላይ አቧራውን አራገፈች።

«ስለ ካንዴላው ሰምታሃለች» አለችኝ። «ስለ ጎማው ግን የነገርከው ለእኔ ነው።»