ቀዝቃዛ ነው ያልኩት እግር

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለሚስቴም፣ ሮዘተንቪል ውስጥ ለምንሰበሰብበት ቸርች መጋቢም አልነገርኩም። እኛ ዘንድ የንስሐ አባት የሚባል የለም፤ ስለዚህ አንተ አንባቢዬ ሳታስበው የእሱን ወንበር ይዘሃል። ታገሰኝ።

ጆሃንስበርግ የመጣሁት እንደ አገሬ ልጆች ሱቅ ልሠራ ነበር። አሌክሳንድራ በሚባል ሰፈር፣ የአጎቴ ልጅ ስፓዛ ሱቅ ውስጥ፣ ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ቆሜ ዳቦና የስልክ ካርድ ስሸጥ አንድ ዓመት ቆየሁ። አልሆነልኝም። እኔ የሐዲያ ገበሬ ልጅ ነኝ፤ አባቴ የታወቀ ፈረሰኛ ነበር። በከተማው ደቡብ፣ የእሽቅድምድም ፈረሶች የሚያድሩበት ግቢ ውስጥ ሠራተኛ ይፈለጋል ሲባል በማግስቱ ሄድኩ።

ሥራውን ያስተማረኝ ባባ ማንድላ ነው። ዙሉ ነው፤ ዕድሜውን እዚያ ጋጥ ውስጥ የጨረሰ፣ ሲስቅ ትከሻው አብሮ የሚስቅ ሽማግሌ። “ምንታናሚ” ይለኝ ነበር፣ ልጄ ማለቱ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ ያሳየኝ እግር መዳሰስን ነው። ጠዋት ጠዋት፣ ከመኖ በፊት፣ የፈረሱን ቅልጥም በመዳፍህ ከላይ ወደ ታች ትዳስሳለህ። ከሞቀ ጅማቱ ተጎድቷል፤ ከቀዘቀዘ ደህና ነው። ከዚያ “ቀዝቃዛ!” ብለህ ትጮኻለህ። አሰልጣኙ ቀኑን የሚጀምረው በዚያ ቃል ነው። ባባ ማንድላ ቀዝቃዛ ነው ካለ ደግሞ ሁለተኛ የሚዳስስ ሰው አልነበረም።

ኮሮና መጣና ውድድር ቆመ። ግቢው ውስጥ የምንኖር ሠራተኞች እንዳንወጣ ተባልን። ብዙም ሳይቆይ ባባ ማንድላ ታመመ፤ ክፍሉ ውስጥ ለብቻው እንዲቆይ ተደረገና ፈረሶቹ ለእኔ ተሰጡ። ከእነሱ አንዷ፣ ከሁሉ አብልጦ የሚሳሳላት ዳማ ባዝራ፣ በኢንተርኔት ለሚካሄድ ጨረታ ተመዝግባ ነበር።

በዚያው ሳምንት አባቴ ሞተ። አውሮፕላን የለም። ወንድሜ ደውሎ ስልኩን ወደ ለቀስተኛው አዞረልኝና ለቅሶውን ሰማሁ። እኛ አገር አባት ሲሞት ልጅ ፈረስ ላይ ወጥቶ የለቅሶውን ሜዳ እየጋለበ ይዞራል። ቸርቻችን ይህን አይወድም፤ አባቴም ጌታን ከተቀበለ በኋላ ትቶት ነበር። እኔ ግን ሊነጋጋ ሲል ባዝራዋን ከጋጥ አወጣኋት። እኛ የጋጥ ሠራተኞች ፈረስ እናጥባለን፣ እናበላለን፤ መጋለብ ለእኛ ክልክል ነው። ይህን አውቃለሁ። አውቄ አወጣኋት፣ አውቄ ያለ ኮርቻ ተቀመጥኩባት፣ አውቄ ባዶው ሜዳ ላይ ጋለብኳት። የአባቴን ስም እየጠራሁ አለቀስኩ። ደስ አለኝ ብልህ ትታዘበኛለህ? ደስ አለኝ። ለሳምንታት ያልሮጠች ባዝራ መሆኗን ያስታወስኩት ሁለተኛው ዙር ላይ ስትሰናከል ነው።

ሲነጋ የግራ የፊት እግሯ አሁን ከምጣድ እንደወጣ ዳቦ ይሞቅ ነበር። ምን አደረግኩ? ውኃ ለቀቅኩበት። በረዶ በፋሻ ጠቅልዬ አሰርኩበት። እስኪቀዘቅዝ ጠበቅኩና ፈትቼ ዳሰስኩት። ከዚያ ወደ ባባ ማንድላ መስኮት ሄድኩ።

“ምንታናሚ፣ እንዴት ናት?” አለኝ እያሳለ።

“ቀዝቃዛ ነው፣ ባባ።”

አልዋሸሁም አልኩ ለራሴ፤ ዳስሻለሁ፣ ቀዝቃዛ ነበር። እንዲህ ያለውን ብልጠት ከየት አመጣሁት? በማግስቱም በረዶ፣ በማግስቱም መስኮት፣ በማግስቱም ቀዝቃዛ። አሰልጣኙ በሽታውን ፈርቶ ወደ ግቢው ብቅ አይልም፤ ለባባ ማንድላ እየደወለ ይጠይቀዋል። ባባም “ሻፕ፣ ደህና ናት፣ እግሯ ቀዝቃዛ ነው” ይለዋል። ለጨረታው ቪዲዮ ሲቀረጽ ለስላሳ ሣር መርጬ ቀስ አድርጌ የመራኋት እኔ ነኝ። አላነከሰችም። ተሸጠች።

የገዢው ሐኪም ጅማቷ መበጠሱን ለማወቅ አንድ ቀን አልፈጀበትም። ባዝራዋ ተመለሰች። አሰልጣኙ ማስክ አድርጎ መጣና ግቢው መሐል ቆመ፤ ባባ ማንድላ ድኖ መውጣቱ ነበር።

“ቀዝቃዛ ነው ያልከኝ አንተ አይደለህም?”

ባባ አየኝ። ባልዲ ይዤ ነበር። የጥገኝነት ወረቀቴ ጊዜው እንዳለፈ፣ የሚያድስልኝ ቢሮም በኮሮና እንደተዘጋ ያውቃል።

“እኔ ነኝ ያልኩት” አለ።

እኔ ነኝ የጋለብኳት ማለት ይህን ያህል ይከብዳል? ባልዲው ውስጥ ያለውን ውኃ አየሁ። ቀና ስል አሰልጣኙ ሄዷል፤ ባባ ማንድላ ሥራም ክፍልም አልነበረውም። ብርድ ልብሱንና ሬዲዮኑን ይዞ ሲወጣ በሩ ላይ ቆመና “እግሯን ጠዋት ጠዋት ዳስስላት” አለኝ። እሺ ባባ አልኩ። በማግስቱ መኪና መጥቶ ባዝራዋን ጫናት። ወዴት እንደሚወስዷት አልጠየቅኩም።

አሁን ባባ ማንድላ ናታል ውስጥ፣ የትውልድ መንደሩ ነው ያለው። እሁድ እሁድ ይደውልልኛል። ስለ ልጆቼ ይጠይቃል፣ ከዚያ ስለ ባዝራዋ። እስካሁን ከእኔ ጋር ያለች ይመስለዋል። “ቀዝቃዛ ነው፣ ባባ” እለዋለሁ። ትከሻው ሲስቅ በስልክ ይታየኛል።

ወረርሽኙ ነው አልልም። ሐዘኑ ነው፣ ወረቀቱ ነው አልልም። ሐዘን አንድ ጠዋት አስጋልቦኝ ይሆናል፤ በረዶውን በየጠዋቱ ያሰርኩት ግን እኔ ነኝ። አንተንም ይቅር በለኝ አልልህም፤ የበደልኩት አንተን አይደለም። ደግሞ አንድ ነገር ሳልነግርህ አልጨርስም። ይህን በአማርኛ የጻፍኩት እንግሊዝኛ ጠፍቶኝ አይደለም። በእንግሊዝኛ ብጽፈው የባባ ማንድላ ልጅ ታነብለት ነበር።

ነገ እሁድ ነው። ይደውላል።