የማይሞቀው ቀይ ብርሃን

ካንሰሩ ለቀቀኝ፤ ጨረሩ ግን ጥርሴን ይዞ ሄደ። የአንገቴና የመንጋጋዬ ሕክምና ካለቀ በኋላ ምራቄ ደረቀ፤ ጥርሶቼም በየተራ ይበሰብሱ ጀመር። አንዷን የመንጋጋ ጥርስ እዚሁ ጅማ አስነቀልኩ። ሌላው ሰው በሳምንት የሚረሳው ቁስል እኔ ላይ አልድን አለ። አንድ ጠዋት በመስታወት ሳየው ከጉድጓዱ ሥር ነጭ አጥንት ብቅ ብሏል። የጥርስ ሐኪሜ አልደበቀችኝም፤ ድዱ አጥንቱን ካልሸፈነው አጥንቱ ሊሞት፣ መንጋጋዬም ሊቆረጥ እንደሚችል ነገረችኝ። ከምሰጥሽ መድኃኒት ጋር ቁስል ያሽራል የሚባል ቀይ ብርሃን እናብራበት፣ ዋስትና ግን አልሰጥም አለች። እኔም ዋስትና ተሰጥቶኝ ስለማያውቅ እሺ አልኩ።

ታላቅ ወንድሜ ይህን ሰምተው ከአጋሮ ገስግሰው መጡ። ዕድሜያቸውን በሙሉ ቡና የነገዱ ሰው ናቸው፤ ቁጣቸው ከበር ይጀምራል።

«አቦ፣ አንቺ ልጅ! ጨረር አይደል እንዴ እንዲህ ያደረገሽ? ወላሂ፣ በእሳት የተቃጠለን ሰው በእሳት ያክማሉ?» አሉና በማር የተለወሰ ጥቁር አዝሙድ አወጡ። ቁስሉ በዚህ ይደፈን ነው የሚሉት።

«ጋሼ፣ የኔ አፍ የቡና ችግኝ የሚተከልበት ጉድጓድ አይደለም» አልኳቸው። ማሩን ግን አልመለስኩላቸውም።

አላመኑኝም፤ ተከትለውኝ ሐኪም ቤት ገቡ። ሐኪሟ ብዕር የሚያህለውን መሣሪያ ስታበራ «ጢኖ፣ ትንሽ ቆዪ!» ብለው መዳፋቸውን ከሥሩ ዘረጉ። ጆንያ ውስጥ ያለ ቡና እርጥበት እንዳለው የሚያውቁት እንዲሁ ነው፤ እጃቸውን እስከ ክርናቸው ያስገባሉ፣ ውስጡ ከሞቀ ተበላሽቷል ብለው ጥለውት ይሄዳሉ። ሁላችንም መዳፋቸውን አየን።

«አይሞቅም እኮ!» አሉ። «የማይሞቅ ነገር ምን ያድናል?»

ንዴቴ ገነፈለ። «ሲሞቅ ያቃጥላል፣ ሳይሞቅ አያድንም! ጆንያው ካልሞቀ ደህና ነው ብለው አይደል የሚገዙት? መንጋጋው የኔ ነው፤ ይብራልኝ!» ብዬ ጮህኩ። ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ሰማኝ፤ ይስማ።

ፈርቼ ነበር። ከሳቸው እኩል ፈርቼ ነበር። ፍርሃቴ ግን ቤት አስቀምጦኝ አያውቅም።

ወንድሜ መዳፋቸውን ሰበሰቡና ወንበር ስበው ተቀመጡ። ከዚያ ወዲህ ቀጠሮዬን ከኔ ቀድመው የሚያስታውሱት እሳቸው ሆኑ።

ከብዙ ምልልስ በኋላ ሐኪሟ በቀጭን ብረት ድዴን ዳሰሰች፤ አጥንት አላገኘችም፤ ድዱ ሸፍኖታል። ብርሃኑ ይሁን መድኃኒቱ ለይታ መናገር እንደማትችል በሐቅ ነገረችን። ወንድሜ «አልሐምዱሊላህ» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ሐኪሟ ግን አልጨረሰችም። ከጎን ያለችውም ጥርስ በስብሳለች፤ መነቀል አለባት፤ ቁስሉም እንደገና አልድን ሊል ይችላል።

«በቃ፣ እንሂድ» አሉ ወንድሜ እጄን ይዘው።

«ይቀመጡ፣ ጋሼ» አልኳቸውና ለሐኪሟ አፌን ከፈትኩ።