ከዛፉ ጀርባ የጎደለው ሰው

ወደ ሱባ ጫካ ሦስት ጊዜ ሄጄ ትልቁን ዛፍ ሳላየው ተመልሻለሁ። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል። እኔም ሳቁን እስኪጨርስ እጠብቃለሁ፤ መጠበቅ የለመድኩት ሥራ ነው።

ባለቤቴ ካዛንቺስ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነበር። መሥሪያ ቤቱ በዓመት አንድ እሁድ፣ ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ሲደርቅ፣ ሠራተኛውን ከነቤተሰቡ በአውቶቡስ ሽርሽር ይወስዳል። ሶደሬ ይሞቃል፣ ላንጋኖ ይርቃል እየተባለ ክርክሩ ሁልጊዜ ሱባ ላይ ያልቅ ነበር። በጠዋት ኡራኤል አካባቢ ተሰብስበን እንሳፈርና በሜክሲኮ፣ በአየር ጤና አልፈን፣ ከሰበታ በኋላ አስፋልቱን ለቀን ኮረኮንቹን እንወጣለን። ጫካው ከሩቅ ሲያዩት ጥቁር ነው። በድሮ ንጉሥ ዘመን የተተከለ ጥድና ዝግባ አለበት ይላሉ። ከሁሉም የሚበልጠው ጥድ ያለው ግን አውቶቡሱ ከሚቆምበት ሜዳ የግማሽ ሰዓት ዳገት ተወጥቶ ነው።

የሽርሽሩን ነገር የምታዘው የባለቤቴ ታላቅ እህት ነበረች። እዚያው መሥሪያ ቤት በአስተዳደር ክፍል ትሠራለች። ወንድሟን ያስቀጠረችው እሷ ናት፤ እንዳይረሳውም በየጊዜው ታስታውሰው ነበር። ፊት ለፊት ሁልጊዜ እርስዎ እያልኳት ኖሬአለሁ። በወረቀት ላይ ግን ይቅርብኝ። እሷ እኔን ሙሽሪት ትለኛለች። ልጅ ወለድኩ፣ ልጄ ትምህርት ቤት ገባች፣ እኔ ግን ሙሽሪት ነኝ። ለሰሚው የፍቅር ይመስላል። ለእኔ ግን ገና ያልተገባደደ ፈተና ላይ ያለሁ ያህል ይሰማኝ ነበር።

በአውቶቡሱ የኋላ ወንበር ላይ ሁለት ትልልቅ ድስቶች ይጫናሉ፤ አንዱ የክርስቲያኖቹ ወጥ፣ ሌላው የሙስሊሞቹ። ከነጭልፋቸው፣ ከነክዳናቸው ለየብቻ ናቸው። እኔ ሳላገባ በፊት በነበረ አንድ ሽርሽር የሆነ ሰው በአንድ ጭልፋ ሁለቱንም አማስሎ፣ ግማሹ ሰው ዳቦ በሻይ በልቶ ተመለሰ አሉ። ከዚያ ወዲህ ሌላው ዛፍ ሊያይ ሲወጣ ድስቶቹ አጠገብ የሚቀር ሰው ይመደባል። ደግሞ ዝንጀሮ አለ። ያ ሰው ሁለቱም ወገን የሚያምነው መሆን ነበረበት።

በመጀመሪያው ጉዞ ልጄ ጡት ስለምትጠባ ዳገቱን መውጣት አልቻልኩም። «እንግዲያው ሙሽሪት ትይልን» ተባለ፤ አየሁላቸው። በሁለተኛው ዓመት ልጄን ለእናቴ ትቼ ሄድኩ። «ባለፈው እኮ እሷ ስትጠብቅ አንድ ነገር አልጎደለም» አለች እህትየው፣ እንደ ምስጋና አድርጋ። አንድ ጊዜ በደንብ የሠራሽው ሥራ ስምሽ ላይ ይጻፋል።

በሦስተኛው ዓመት ቁርጥ አድርጌ ወሰንኩ። ነጭ ሸራ ጫማ ገዛሁ። ለባለቤቴም «ዘንድሮ ዛፉን አያለሁ» አልኩት። «እንዴታ» አለ።

ሜዳው ላይ ድስቶቹ እንደወረዱ እህቱ ጫማዬን ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ሙሽሪት፣ ጫማሽ ያምራል። ሣሩ ላይ ስትቀመጪ አይቆሽሽብሽም።»

«ዘንድሮ እኔም ብወጣ ብዬ ነበር፣ እትዬ።»

«ውጪ እንጂ ማን ከለከለሽ? ግን አንቺ ከወጣሽ ሙስሊሞቹ ማንን ያምናሉ? እስቲ ጠይቂያቸው።»

ወደ ጎረቤቴ ዞርኩ። የመሥሪያ ቤቱ ሾፌር ሚስት ናት፣ ካዛንቺስ ግድግዳ ለግድግዳ ነው የምንኖረው። የሙስሊሞቹን ወጥ የሠራችው እሷ ነበረች።

«አንቺ ካለሽ ልቤ ያርፋል፣ ወላሂ» አለችና ጭልፋዋን እጄ ላይ አስቀመጠች።

ባለቤቴ መጀመሪያ እኔን አየ፣ ቀጥሎ እህቱን አየ። «ቶሎ እንመለሳለን» አለኝ። ከዚያ ወጡ።

እኔ ያየሁት ጫካ ይኸው ነው፦ የሜዳው ዳር የቆሙ ግንዶች፣ ከነሱ በስተኋላ ጨለማ። ድምፃቸው ወደ ላይ እየራቀ ሄዶ ጠፋ። የሴት ሳቅ ለየብቻው ሲጠፋ ይታወቃል፤ መጨረሻ የጠፋው እዚያው መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት የምትሠራው ልጅ ሳቅ ነበር። ነፋስ ሲመጣ ጥዱ ይሸታል፣ ሲቆም ደግሞ ወጡ ይሸታል። አንድ ዝንጀሮ እስከ ሜዳው ጠርዝ መጥቶ ተቀመጠና አየኝ። እኔም አየሁት። እሱ ሰልችቶት ተመለሰ።

ሲመጡ እህቱ ከፊት ነበረች። «ሰባት ሆነን እጅ ለእጅ ተያይዘን ዞርነው፣ ግጥም!» አለች፣ ሜዳው ሁሉ እንዲሰማ። ባለቤቴ ዝም ብሏል። ከኮቱ ኪስ የእጄን መዳፍ የምታህል የጥድ ቅርፊት አውጥቶ ሰጠኝ። ዝምታውን የጥፋተኛ ዝምታ ነው ብዬ ያዝኩበት። ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ «አንድ ቀን ሁለታችን ብቻ እንመጣለን» አለኝ በጆሮዬ። መስኮቱን እያየሁ «እሺ» አልኩ።

አልሄድንም። አንዱ እሁድ ለቅሶ ይሆናል፣ ሌላው እሁድ የእህቱ ቤት ይጠገናል። በኋላ መሥሪያ ቤቱም ሽርሽሩን ተወ። በኋላ ደግሞ እሱ ታመመ።

ያን ቀን የተነሣው ፎቶ ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነበር። አራት ሰዎች ጀርባቸውን ለዛፉ ሰጥተው፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ቆመዋል። መሐል እህትየው ናት። ዛፉ ከሰዎቹ በላይ ከፎቶው ወጥቶ ይሄዳል፣ ጫፉ የለም። ባለቤቴ ዳር ላይ ነው፤ አንድ እጁ የጎኑን ሰው ይዟል፣ ሌላው እጁ ከግንዱ ጀርባ ገብቶ አይታይም። የሚታዩት አራት ናቸው፤ ሰባት ከነበሩ ሦስቱ ከጀርባ ናቸው ማለት ነው። የመዝገብ ቤቷ ልጅ ፎቶው ላይ የለችም።

እንግዲህ ያ የማይታይ እጅ የማንን እጅ ይዞ ነበር? ስንት ዓመት እራት እያቀረብኩ ያን እጅ አይቻለሁ። አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅሁም። የጠየቀች ሴት መልስ ይሰጣታል፣ መልሱን ደግሞ የት ታስቀምጠዋለች? እሱ እጄን ሊይዝ ሲል አንዳንዴ ሥራ አለብኝ ብዬ እነሣ ነበር። ምክንያቱን አያውቅም። አሁን ሳስበው የሚቆጨኝ ይህ ነው፤ ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ነው የሚመጣው።

ሞተ። አርባው እንደወጣ እህቱ ግድግዳው ሥር ቆማ «ይሄን የወንድሜን ፎቶ እኔ ልውሰደው፣ ሙሽሪት» አለች። «አይሆንም» አልኳት። በሕይወቴ ለእሷ ያልኩት የመጀመሪያው «አይሆንም» ነበር። ብትወስደውስ ምን ይቀርብኝ ነበር፣ የሚያቃጥለኝ ፎቶ። ግን እሷ ዘንድ ሄዶ ሲሰቀል፣ እሷ መሐል ቆማ፣ ይህን አልቻልኩም።

ቤታችን ለልማት ሲፈርስ እኔ ላንቻ ሰፈር ቤት ተከራየሁ፣ ጎረቤቴም ልጆቿ ጋ ገባች። ታክሲ አሰልፎ የሚያውለን ቢሆንም አንዳችን አንዳችን ጋ እንመጣለን። አንድ ቀን ሻይ ልቀዳላት ስነሣ ፎቶውን ፍሪጅ ላይ አየችው። ገና የሚሰቀልበት ቦታ አላገኘሁለትም ነበር።

«ይሄን እስካሁን ይዘሽዋል?» አለች። «አይ ያን ቀን፣ አልገጠመም እኮ።»

«ምኑ?»

«ዙሪያው ነዋ። አልገጠመልንም። እኔ ከኋላ ነበርኩ፣ ከባልሽ ቀጥሎ። እሱ እጁን ዘረጋ፣ እኔም ዘረጋሁ፣ አልደረስንም። ይሄን ያህል ቀረ።» ሁለት ክንዷን ዘርግታ አሳየችኝ። አንድ ሰው የሚያህል ነበር።

የያዝኩትን ብርጭቆ አስቀመጥኩት።

«የመዝገብ ቤቷ ልጅስ?»

«እሷማ ከኔ በወዲያ። ምነው?»

«ዝም ብዬ ነው። ከዚያስ?»

«ከዚያማ ባልሽ ‹አንድ ሰው ጎደለን፣ ሮጬ ልጥራት› አለ። ወላሂ፣ ዳገቱን ሊወርድ እጁን ለቅቆ ነበር። እህቱ ‹ምግቡን ማን ሊያይ? ከፊት ሲታይ ሙሉ ነው› አለችና ፎቶ አንሺውን ‹አንሳ› አለችው። እሱም ተመልሶ ቆመ። ምን ያድርግ።»

«አንቺስ ምን አልሽ?»

ጎረቤቴ ስኳሩን ማማሰል ያዘች። «እኔማ» አለች፣ «ድስቴ አንቺ ጋ ነበር።»

አልተቆጣኋትም አልልም። ለሁለት ሳምንት ስልኳን አላነሣሁም። በእነዚያ ሁለት ሳምንታት እሱን ነበር የማስበው። ለምን አልነገረኝም? ቢነግረኝ እህቱን ትጠላብኛለች ብሎ ፈርቶ ይሆናል። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሬ እንደምጠላት አላወቀም ነበር። ሁለታችንም አንዳችን ለሌላችን ስንል የየራሳችንን ነገር ደብቀን፣ እኔ እጁን ሳልይዝ ቀረሁ።

ጎረቤቴ ራሷ መጣች። በር ላይ ቆማ «ልጅሽ መኪና አላት አይደል?» አለች። «ትውሰደን። እኔ አሳይሻለሁ።»

ያኔ ጡት ትጠባ የነበረችው ልጄ ዛሬ ሠራተኛ ናት፣ ትንሽ መኪና አላት። «እናቴ ዛፍ ለማየት ፈቃድ አስወጣችኝ» ብላ ለመሥሪያ ቤት ጓደኞቿ ማውራቷን ሰምቻለሁ። ማክሰኞ ቀን ሄድን። ሜዳው ላይ ከእኛ በቀር ሰው አልነበረም። ዝግባው ሥር ጨርቅ አነጠፍኩና አገልግሉን አስቀመጥኩ፤ የጾም ምግብ ነበር፣ ጭልፋ የሚያጣላ አልነበረም።

ጎረቤቴ ዳገቱን ቀና ብላ አይታ ጉልበቷን ያዘች። «እናንተ ውጡ፣ እኔ ዕቃውን ልጠብቅ። ተራዬ ነው።»

«ዝንጀሮ ይብላው» አልኩ። «አንቺ ከሌለሽ ቦታውን ማን ያሳየኛል?»

«ማዘር» አለች ልጄ፣ «አገልግሉን መኪና ውስጥ ብቆልፈው…»

«እዚያው ተዪው።»

የግማሽ ሰዓቱን መንገድ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀንበት። ጉሬዛዎች ከላይ ሆነው ያዩናል። ከግንድ ግንድ እየያዝን፣ እየተቀመጥን፣ ጎረቤቴ በየመታጠፊያው «ይሄ አይደለም» እያለች ወጣን። በኋላ ዝም አለች፤ ዝም ስትል ቀና አልኩ።

ስለ ዛፉ ብዙ አልጽፍም። ፎቶው ጫፉን ቆርጦት ነበር፣ እኔም ቆሜ ጫፉን አላገኘሁትም። ቅርፊቱ በረጅሙ ተሰነጣጥቋል። በባለቤቴ ኮት ኪስ የመጣችው ቁራጭ ከዚህ ናት።

በጀርባው በኩል ዞርን። «እኔ እዚህ ነበርኩ» አለች ጎረቤቴ። «እሱ… በዚህ ይሁን በዚያ፣ እንጃ። ስንት ዘመኑ።»

«የምታስታውሺ ምሰይ።»

ትንሽ አሰበችና ሦስት እርምጃ ሄዳ አንድ ሥር ላይ እግሯን አሳረፈች። «እዚህ።» ተመልሳም ቦታዋ ላይ ቆመች።

መሐላቸው ገባሁ። ጀርባዬን ለዛፉ ሰጠሁ። በአንድ እጄ የጎረቤቴን እጅ ያዝኩ፤ ሌላውን እሷ ወዳሳየችኝ ሥር ዘረጋሁት። ክፍተቱ ልኬ ነበር። እጄ የደረሰበት ላይ ቅርፊቱን ያዝኩና ቆየሁ። ጎረቤቴ አንድ ቃል አልተናገረችም፤ ለዚህ ብዬ ብዙውን ይቅር ብያታለሁ።

ልጄ ስልኳን አውጥታ ከፊት በኩል ጮኸች። «ኧረ ማዘር፣ ከዚህ አትታዩም እኮ። በቃ ወደዚህ ዙሩ፣ ፊት ለፊት ላንሳችሁ።»

«አንቺ ዙሪና ከጀርባ አንሺ» አልኳት።

የባለቤቴ እህት ይህን ስጽፍ በሕይወት አለች። ኡራኤል ደጃፍ እንገናኛለን፣ አሁንም ሙሽሪት ትለኛለች። ዓይኗ ደክሟል፤ ይህን የሚያነብላት ሰው ግን አታጣም። የሚያነብላት ሰው ቀስ ብሎ ያንብብላት፦ አልገጠመም ነበር፣ እትዬ። ከፊት ብቻ ነው ሙሉ የነበረው።

ስንወርድ ከሩቅ አገልግሉን ፈለግሁ። እንደተቀመጠ አለ። ጨርቁ እንኳ አልተነሣም፣ ክዳኑ ላይ ሁለት የጥድ ቅጠል ወድቆበታል። ጎረቤቴ አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ ልትስቅ ብላ ተወችው።

«ምንም አልነካውም» አለች ልጄ።

ጨርቁ ላይ ተቀመጥኩ። አገልግሉን እኔ አልከፈትኩትም። እስኪያቀርቡልኝ ጠበቅሁ።