ከኦዜላ ግሪር ስም በፊት

ቀይ እርሳስ ከቨርሊን ስቶክስ ጆሮ ላይ አይጠፋም። ከጎኗ ባለው ክፍል ሒሳብ ሳስተምር ሃያ ዓመት አልፎኛል፤ የተሳሳተ ነገር አይታ ዝም ያለችበትን ቀን አላስታውስም። የምሳ ቤቱን የምግብ ዝርዝር ታርማለች፣ የፓስተራችንን ማስታወቂያ ታርማለች። «አንቺ እኮ የመቃብርሽን ጽሑፍ ተነስተሽ ታርሚዋለሽ» እላታለሁ። «ከተሳሳታችሁማ ምን ላድርግ?» ትለኛለች።

እንግሊዝኛ የምታስተምረው ከከተማችን የድሮ ጋዜጣ ነው። የኛን የአላባማ ጥቁሮች የመብት ትግል ልጆቹ ከመማሪያ መጽሐፍ ሳይሆን፣ ያኔ ጋዜጣው ራሱ ከጻፈው እንዲያነቡት ትፈልጋለች። የወረቀቱ ሻጋታ ሽታ እኔ ክፍል ድረስ ይመጣል። ስንት ጊዜ ቀልጄባታለሁ፤ አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

ባለፈው ዓመት ስድሳ ዓመት የሞላውን አንድ ዜና አነበቡ። «ለነጮች ብቻ በተፈቀደው ቤተ መጻሕፍት ተቀምጣ አልነሳም ያለችው ኔግሮ ኦዜላ ግሪር ታሰረች። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ወይዘሮ ሃሪየት ኮልማን እጅግ ደንግጠዋል።» ቨርሊን እንደ ልማዷ ስህተቱን ፈልጉ አለች። ልጆቹ ነጠላ ሰረዝ ፈለጉ፣ የፊደል ግድፈት ፈለጉ። በመጨረሻ ኪያና የምትባል ዝምተኛ ተማሪ፣ ነጯ ወይዘሮ ስትባል ጥቁሯ ለምን ባዶ ስሟን ቀረች ብላ ጠየቀች።

ኦዜላ ግሪርን የማያውቅ የለም። ቤተ ክርስቲያን ነጭ ለብሰው የፊት ወንበር ላይ የሚቀመጡት እማማ ኦዜላ ናቸው። ልባቸው ደክሟል፤ ሐኪሙም ልጆቻቸውን ተዘጋጁ ብሏቸዋል። ቨርሊን እሳቸው በሕይወት እያሉ ጋዜጣው እርማት እንዲያወጣ ቆርጣ ተነሳች።

ልጆቹ ደብዳቤ ጻፉ። የጋዜጣው አዘጋጅ፣ የዚያን ጊዜ አጻጻፍ እንደዚያ ስለነበር ስህተት አይባልም ብሎ መለሰ። አንዷ ተማሪ ተናዳ ቀጣዩን ደብዳቤ በስድብ ሞላችው። ቨርሊን ሁሉንም በቀይ ሰረዘችና «ስድብሽንማ ቅርጫት ውስጥ ይጥሉታል፤ ማስረጃሽን ግን የት ይጥሉታል?» አለቻት። ልጆቹ የዚያን ዓመት ጋዜጣ አንድ በአንድ አገላበጡ። ወይዘሮ ወይም ወይዘሪት የተባለች አንዲት ጥቁር ሴት አላገኙም። ይህንኑ ያለ ስድብ ጽፈው ላኩ። አዘጋጁ ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ሴትዮዋ ቃሉን አይተው ይሁን ካሉ አወጣለሁ አለ።

ወደ እማማ ኦዜላ ቤት ለቨርሊንና ለልጆቹ መኪና የነዳሁላቸው እኔ ነኝ። እማማ ኦዜላ በረንዳቸው ላይ አተር ይፈለፍላሉ። ቨርሊን «ወይዘሮ ኦዜላ ግሪር» የሚለውን እርማት ድምጿን ከፍ አድርጋ አነበበችላቸው።

«ተሳስተሻል፣ ልጄ» አሏት።

«ምኑ ላይ ነው፣ እማማ?»

«ያኔ መቼ አገባሁና? የሃያ ዓመት ልጃገረድ ነበርኩ። ባሌን ያገኘሁት ከእስር ስወጣ ነው። እሱም ግሪር፣ እኔም ግሪር፤ ዝምድና ግን የለንም። ሙሽራ ሁሉ የባሏን ስም ስትወስድ፣ እኔ ስሜን እንኳ ሳልቀይር ተዳርኩ።»

ሃያ ዓመት የጠበቅኩት ቀን ነበርና ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ቨርሊን ግን ቀይ እርሳሷን ከጆሮዋ አውርዳ ሰጠቻቸው። እሳቸውም «ወይዘሮ»ን ሰርዘው «ወይዘሪት» ብለው ጻፉ።

እርማቱ ሐሙስ ዕለት ሁለተኛው ገጽ ግርጌ ላይ ወጣ፤ ሦስት መስመር ነው። ኪያና በረንዳው ላይ ቆማ አነበበችላቸው። «ከስድሳ ዓመት በፊት በቤተ መጻሕፍቱ የታሰሩት ወይዘሪት ኦዜላ ግሪር ናቸው። ጋዜጣው ያኔ ወይዘሪት ብሎ ባለመጻፉ ይቅርታ ይጠይቃል።» እማማ ኦዜላ አተሩን ወዲያ አደረጉና «እስቲ ድገሚልኝ» አሏት። ሦስት ጊዜ አስደገሟት።

ከሁለት ወር በኋላ አረፉ። ጋዜጣው ማንም ሳይጠይቀው «ወይዘሮ ኦዜላ ግሪር በሰማንያ ዓመታቸው ዐረፉ» ብሎ ጻፈ። ቨርሊን እርሳሷን ይዛ ዜናውን ከላይ እስከ ታች ሁለት ጊዜ አነበበችው። የሚታረም ነገር አላገኘችም። እርሳሱን አስቀምጣ ጠረጴዛዋ ላይ ተደፍታ አለቀሰች።