የሰጋቱራው ምድጃና አማቴ

በደርግ ጊዜ ልደታ ስንኖር ከሰል እንደ ልብ አይገኝም ነበር። የቀበሌው ሱቅ ላምባ የመጣለት ቀን ሰልፉ አስፋልት ድረስ ይደርሳል፤ እኔ ደግሞ ሰልፍ ላይ አፌን ዘግቼ መቆም የማልችል ነገረኛ ነኝ። ስለዚህ ከአብነት ሰፈር አናጺዎች ሰጋቱራ በጆንያ እያመጣሁ በቀለም ቆርቆሮ ምድጃ ማብሰል ጀመርኩ።

ቆርቆሮው መሐል ጠርሙስ ይቆምና ዙሪያውን ሰጋቱራ ይጠቀጠቃል። ከዚያ ጠርሙሱን እያሽከረከሩ ቀስ አድርገው መንቀል ነው። እሳቱ ከታች ተለኩሶ በዚያ ቀዳዳ ይነዳል፤ በደንብ ከተጠቀጠቀ ግማሽ ቀን ያለ ጭስ ይቆያል። ሕጉ አንድ ነው፤ አይነካም። ከቆሰቆሱት ይናዳል፣ ከተናደ አለቀ።

አማቴ ከወልቂጤ ሊጠይቁን መጡ። ከሠርጋችን በፊት «የቢሮ ልጅ ድስት አታውቅም» ብለው እንደነበር ባሌ፣ ቂሉ፣ ነግሮኛል። በዶሮ ወጥ አፋቸውን ላስይዝ ቆርጬ ተነሣሁ። ሽንኩርቱ ቁልልት ብሎ ሲሸት ጓዳ ገብተው ዱካ ላይ ተቀመጡ።

ዕድሜያቸውን ሙሉ በእንጨት ያበሰሉ ሴት ናቸው፤ እጃቸው እሳት አጠገብ አያርፍም። አንዴ ወደ ምድጃው ሲዘረጉ «እማማ፣ እንቁላሉን ይላጡልኝ» አልኳቸው። ሁለተኛ ሲዘረጉ ነጭ ሽንኩርት አስያዝኳቸው። አማትን «አይንኩ» ማለት እንዴት ይቻላል?

ውሃ ልቀዳ ወደ ግቢው ቧንቧ ወጣሁ። ስመለስ ጓዳው በጭስ ታፍኗል፣ አማቴ ፍላጭ እንጨት ይዘው ቆመዋል።

«የሚጠፋ መስሎኝ ነው፣ ልጄ» አሉ።

ልጮህ አፌን ከፍቼ ነበር። ፊታቸውን ሳይ ግን አንጀቴን በሉት። ምራታቸው ቤት እሳት አጥፍተው መግቢያ ጠፍቷቸዋል።

ባሌ እያሳለ ገባ። «ምን ሆናችሁ?»

«እኔ ነኝ፤ በደንብ አልጠቀጠቅኩትም» አልኩት።

አማቴ ቀና ብለው አዩኝ። ወጡን ጎረቤት ቤት ወስጄ ጨረስኩት። ሁለቴ አስጨምረው በሉ፤ ስለ ሙያዬ ግን አንድ ቃል ሳይተነፍሱ አገራቸው ገቡ። እውነቱን ለመናገር ከነከነኝ።

በዓመቱ ለልደታ ንግሥ ተመልሰው መጡ። ከኋላቸው ተሸካሚ፣ ተሸካሚው ትከሻ ላይ አንድ ጆንያ ሰጋቱራ። አብነት ወርደው ራሳቸው ከአናጺዎቹ ለምነው ያስሞሉት ነው። ቀጥ ብለው ጓዳ ገቡ፣ ዱካው ላይ ተቀመጡ፣ ሁለት እጃቸውን በነጠላቸው ጠቅልለው ጫፉን በጥርሳቸው ቋጠሩት።

«በይ አብስይ» አሉኝ። «እጄን አስሬዋለሁ።»

ባሌ ከሥራ ሲመጣ እናቱ ታስረው እኔ በሳቅ ስንፈራፈር አገኘን።

«ምን ጉድ ነው?» አለ።

«አምና ምድጃውን የናድኩት እኔ ነኝ» አሉት። «እሷ ድስትም ታውቃለች፣ ሰውም ታውቃለች።»

ነጠላውን የፈቱት ወጡ ወጥቶ፣ እኔ በእጄ ሳጎርሳቸው ነው።